ስለ ፎገራ ላም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላም ለመግዛት ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ነው የምትውለው?» ብዬ ነው። ስንት ሊትር ትሰጣለች የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የፎገራን ላም ያለ ሜዳዋ ማሰብ ስለማልችል ነው። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ከገበሬዎች፣ በከተማ ዳር ወተት ከሚሸጡ ሰዎች፣ ውጭ አገር ሆነው ለቤተሰብ ላም ከሚገዙ ወገኖች የሚመጡ ናቸው።

ፎገራ የላሚቱ ስም ነው ወይስ የቦታው?

የቦታው ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር፣ ወረታ ከተማን ይዞ ወደ ሐይቁ የሚዘረጋ ሰፊ ሜዳ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ላይ ከአፋቸው ሲያልፉ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ከብቶቹ የኖሩት በዚህ ሜዳ፣ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ወረዳዎች ነው።

ከብትን በአገሩ ስም መጥራት የተለመደ ነው። ቦረና፣ አርሲ፣ ሆሮ እንላለን። «የፈረንጅ ላም» የምንላት ፍሪዢያንም ስሟን ያገኘችው ኔዘርላንድ ውስጥ ካለው ፍሪስላንድ ነው። ጀርሲ ደግሞ የደሴት ስም ነው።

ምን ትመስላለች?

ብዙዎቹ ቡሬ ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ወይም ጥቁርና ግራጫ። ቀንዳቸው አጭር፣ ወፍራምና ጫፉ ሹል ነው። ሻኛ አላቸው። ከአንገታቸው ስር የሚንጠለጠለው ቆዳ የታጠፈና ሰፋ ያለ ነው። ጠባያቸው ገራም ነው። ልጅ ይጠብቃቸዋል፣ ልጅ ያልባቸዋል።

የእንስሳት ባለሙያዎች «ዘንጋ» ከሚባለው ወገን ይመድቧቸዋል። ሻኛው ወደ አንገት የቀረበው የሳንጋ ከብትና ሻኛው ጀርባ ላይ የተቀመጠው የዜቡ ከብት ከረጅም ጊዜ በፊት ተዳቅለው የተገኘ ወገን ነው። ሆሮም ከዚሁ ወገን ነው።

ጥቁርና ነጭ ናት። ከፍሪዢያን ጋር ተዳቅላ ነው እንዴ?

ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አይደለም። ቡሬነቷ የራሷ ነው። ፍሪዢያን ወደ አካባቢው ሳይመጣም ላሚቱ እንዲሁ ነበረች።

ለመለየት ቀለሙን ተዉትና ጀርባዋን እዩ። ንፁህ ፎገራ ሻኛዋ በግልጽ ይታያል። ንፁህ ፍሪዢያን ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው፣ ሻኛ የላትም። ክልስ ከሆነች ሻኛው ትንሽ ጉብታ ሆኖ ይቀራል፣ ከአንገት ስር ያለው ቆዳ ይሰበሰባል፣ ግቷ ደግሞ ይሰፋል። ገበያ ላይ ቡሬ ስለሆነች ብቻ «የፈረንጅ ደም አላት» ብሎ ዋጋ የሚሰቅል ነጋዴ አይጠፋም። ቀለም ስለ ደም የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

በቀን ስንት ሊትር ትሰጣለች?

በገበሬ እጅ ያለች ደህና ጥገት በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ትሰጣለች። በሚገባ ከተመገበች ከዚያ የምታልፍም አለች። በአገር አቀፍ ደረጃ ለአገር በቀል ላም የሚሰጠው አማካይ ወደ 1.5 ሊትር የሚጠጋ መሆኑን ስታስቡ ፎገራ ለምን የወተት ላም ተብላ ስም እንዳወጣች ይገባችኋል።

ቁጥሩን ስትሰሙ ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛው፣ ይህ ወተት ጥጃው ከጠባ በኋላ የተረፈው ነው። ሁለተኛው፣ ላሚቱ ይህን የምትሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ውላ፣ ማታ ገለባ ቀምሳ ነው። ፍሪዢያን በዚህ አያያዝ ብትውል ወተቱ ቀርቶ ራሷም መክረሟ ያጠራጥራል።

ወተቷ ወፍራም ነው። የዜቡ ደም ያላቸው ላሞች ወተት ከፍሪዢያን ወተት የበለጠ ቅባት አለው። የፍሪዢያን ወተት ቅባቱ ከ100 ውስጥ 3.5 አካባቢ ሲሆን የአገራችን ላሞች ከ4 በላይ፣ አንዳንዴም 5 ይደርሳሉ። ቅቤ ለሚንጥ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገጠር ውስጥ ወተት ወደ ከተማ ማድረሻ የለም። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ፣ የፍልሰታ ጾም አለ። ጾም ሲገባ ወተት የሚገዛ ይጠፋል። ያን ጊዜ ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ተቀምጦ ለፋሲካ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ የላም ዋጋ በሊትር ብቻ ሲሰላ ቅር ይለኛል። እናቶቻችን በቅል ቅቤ ነው የሚለኩት፣ ትክክልም ናቸው።

ድክመቷንም አልደብቅም። የመጀመሪያ ጥጃዋን ለመውለድ ብዙ ጊዜ 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስድባታል። ከአንዱ ወሊድ እስከ ሌላው አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ውስጥ ብዙው የምግብ እጥረት ነው። ጊደሯ በበጋ የምትከሳ ከሆነ ክረምት ላይ ያተረፈችውን ትበላዋለች፣ ዕድሜዋም ይሄዳል።

ጥጃው ካልጠባ ወተት አታወርድም። ምን ላድርግ?

ተፈጥሮዋ ነው። ወተቱ ከግቷ እንዲወርድ የሚያደርገው ጥጃው ሲነካት በሰውነቷ የሚለቀቅ ንጥረ ነገር ነው። ስትደነግጥ ወይም ስትመታ ያው ይዘጋል። ስለዚህ ጥጃውን ለጥቂት ደቂቃ አጥቡት፣ ከፊቷ እሰሩት፣ እለቡ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ልቀቁት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ሰው ቢያልባት ይሻላል። ፎገራ ገራም ስለሆነች ቶሎ ትለምዳለች።

ጥጃው ሲሞት ነው ችግሩ። የድሮ ሰዎች የጥጃውን ቆዳ ገለባ ሞልተው ከፊቷ ያቆሙላታል። እሷም እየላሰችው ታወርዳለች። ልብ የሚነካ ነገር ነው፣ ግን ይሠራል።

ከሁሉ በላይ ጥጃው እንዳይሞት ማድረግ ነው። እንገሩን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጥባ። የመጀመሪያው ስድስት ሰዓት ሳያልፍ ቢጠባ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም በሽታ የሚከላከልለት ኃይል ከእናቱ የሚገባው በእንገር በኩል ብቻ ነው። እንገር አፍልቶ መብላት እኛ ቤትም የተለመደ ነበር። ጥጃው ከጠገበ በኋላ የተረፈውን ብሉ።

ከፍሪዢያን ጋር ላዳቅላት ወይስ ንፁህ እንደሆነች ልተዋት?

ይህ ጥያቄ አጭር መልስ የለውም፣ ስለዚህ ትዕግሥት ስጡኝ።

ግማሽ ፎገራ ግማሽ ፍሪዢያን የሆነች ክልስ ጥሩ ላም ናት። በደህና አያያዝ በቀን ከ6 እስከ 10 ሊትር ትሰጣለች፣ ቶሎም ትወልዳለች። በአዊ በኩል ያለው የመተከል የከብት ማራቢያ የተቋቋመው ይህችኑ ግማሽ ደም ጊደር አራብቶ ለገበሬ ለማከፋፈል ነበር። ሥራው ትክክለኛ ነው። ቤታችሁ አጠገብ ወተት የሚገዛ ከተማ ካለ፣ መኖና ውሃ በደጃችሁ ካለ፣ ሐኪም ጠርታችሁ የሚመጣ ከሆነ፣ አዳቅሉ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ሰው በግማሹ ደስ ሲለው ይቀጥላል። ክልሷን እንደገና በፍሪዢያን ያስጠቃታል። ሦስት አራተኛ ፍሪዢያን ትወለዳለች። ይህች ጊደር የበለጠ መኖ ትፈልጋለች፣ ሙቀትና መዥገር አትችልም። ሌላው ደግሞ ክልሷን ከክልስ ኮርማ ጋር ያገናኛታል። የዚህኛውም ልጅ እንደ እናቷ አትሆንም። የመጀመሪያው ትውልድ ብርታት ከሁለት የተራራቀ ደም መገናኘት የመጣ ነው፤ ክልስ ከክልስ ሲገናኝ ያ ብርታት በግማሽ ይቀንሳል።

ስለዚህ ያችን ጥሩ ግማሽ ደም ጊደር በፈለጋችሁ ቁጥር ለማግኘት ንፁህ ፎገራ እናት ያስፈልጋችኋል። ሁልጊዜ። ንፁሕዋን ጨርሰን ካዳቀልናት ክልሷም አብራ ታልቃለች። ይህን ሰው ሁሉ ቢረዳልኝ ደስ ይለኛል። አራት ላም ያለው ሰው ሁለቱን ያዳቅል፣ ሁለቱን ደግሞ ለንፁህ ፎገራ ኮርማ ያስቀር።

ሰው ሠራሽ ማዳቀል ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። የአገራችን ላም ድራቷ፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ያልፋል። ጠዋት ምልክቱን ካያችሁ ከሰዓት በኋላ ትዳቀል፣ ማታ ካያችሁ በማግሥቱ ጠዋት። ካመለጣችሁ 21 ቀን ያህል ትጠብቃላችሁ። የመጀመሪያ ወሊዷ የሆነችን ትንሽ ጊደር በፍሪዢያን አታስጠቁ። ጥጃው ትልቅ ሆኖ መውለድ ይቸግራታል። አንዴ የወለደች ላም ትሻላለች።

ውጭ አገር ነው ያለሁት። ለእናቴ ላም ልገዛላት ነው። የትኛዋን?

መጀመሪያ እናትዎን ይጠይቋቸው። ቀልድ አይደለም። በየቀኑ ማለዳ ተነስቶ የሚያልብ፣ ውሃ የሚያጠጣ፣ መኖ የሚሸከም ማን ነው? ክልስ ላም በቀን ብዙ ውሃና ተገዝቶ የሚመጣ ፋጉሎና ፉርሽካ ትፈልጋለች። እርስዎ ላሚቱን የሚገዙበትን ገንዘብ አንዴ ይልካሉ። መኖው ግን በየወሩ ነው። ያን ካልላኩ ላሚቱ ከስታ፣ እናትዎ ተጨንቀው፣ መጨረሻው ሽያጭ ይሆናል። እንዲህ የሆነባቸውን ቤተሰቦች አውቃለሁ።

እናትዎ ለቤት የሚበቃ ወተት፣ ለፋሲካ ቅቤ፣ ለልጅ ልጅ እርጎ ከፈለጉ ደህና የፎገራ ጥገት ከነጥጃዋ ትበቃቸዋለች። አቅም ያለው ወንድም ወይም እህት አብሮ ካለና ወተቱን የሚሸጡ ከሆነ ክልሷን ያስቡ። ከላሚቱ ዋጋ ጎን የአንድ ዓመት መኖና የክትባት ገንዘብ አብረው ይቁጠሩ።

ሩዝ ለፎገራ ላም ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ?

ሁለቱንም ነው። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አካባቢ ነው፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም እጃቸው ነበረበት። እስከ ዛሬ በስፋት የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው የሩዝ ዝርያ ስሙን ያገኘው በዚያው አካባቢ ካለው ጅግና ከሚባል ቦታ ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት ለሌላ እህል አይመችም ነበር። ለሩዝ ግን ተመቸ። ገበሬው ጠገበ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ልጁን አስተማረ። ይህን የሚቃወም ሰው የለም፣ እኔም አልቃወምም።

የታረሰው ግን የላሞቹ ግጦሽ ነው። ድሮ ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ይነሳ ነበር፣ ከብቱም ተከትሎት ይወርድ ነበር። አሁን በዚያ ቦታ ሩዝ አለ። የቀረውን ግጦሽ አሜኬላ የሚሉት እሾሃማ አረም ወረረው። ሐይቁ ዳር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ መጣ። ከብቱ ክረምት ላይ ወደ ደጋው ሲወጣ እዚያ ካለው ከብት ጋር ይዳቀላል። ንፁህ ፎገራ የሚያንሰው እንዲህ በዝምታ ነው፤ ሰው ፈልጎ ሳይሆን ቦታ ጠፍቶ።

የሩዝ ገለባውስ? እሱ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ክምር ክምር ገለባ አለ። ደረቅ እንደሆነ ሲሰጥ ግን ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ ለመፍጨትም ይከብዳታል። በዩሪያ ማከም ይቻላል። ለ100 ኪሎ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ገለባው በየደረጃው እየተረጨ ይጠቀጠቃል፣ በላስቲክ አየር እንዳይገባው ታሽጎ 21 ቀን ይቆያል። ከመስጠታችሁ በፊት ለጥቂት ሰዓታት አናፍሱት፣ ሽታው ይውጣ። ስድስት ወር ላልሞላው ጥጃ አትስጡ። ዩሪያውን ለብቻው ላም በማትደርስበት ቦታ አስቀምጡ፣ ይገድላል። ከሩዝ መፈልፈያ ቤቶች የሚወጣው ደቃቁ ብናኝም ጥሩ መኖ ነው። ሲቆይ ግን ቅባቱ ይበላሻል፣ ትኩስ ትኩሱን ግዙ። የሩዙ ሽፋን ለላም ምንም አይጠቅምም።

ረግረግ ውላ ጤናዋ እንዴት ነው?

ከሌላ ከብት ይልቅ ትችለዋለች፣ ዝንቡንም ጭቃውንም። በሽታ አይነካትም ማለት ግን አይደለም። ዋናው ጠላቷ የጉበት ትል ነው። ትሉ በረግረግ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ በኩል ያልፍና ውሃ ዳር ያለ ሣር ላይ ይጣበቃል። ላሚቱ ስትግጥ ይገባል። ምልክቱ መክሳት፣ የዓይንና የድድ መንጣት፣ ከመንጋጋ ስር ውሃ መቋጠር ነው። ክረምቱ ሲያልቅና በበጋው መካከል የትል መድኃኒት መስጠት ይመከራል። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፤ ትራይክላቤንዳዞል ትንሹንም ትልቁንም ይገድላል። የትኛውን እንደምትሰጡና ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ ሐኪሙን ጠይቁ። ወተቱን ልጅ ይጠጣዋልና ይህን አትርሱ።

ለአባ ሰንጋ፣ ለአባ ጎርባና ለጎሮርሳ ክትባት በየዓመቱ ይሰጥ። ክረምት ሳይገባ።

በሬዋስ?

ጠንካራ ነው፣ ቁመናውም ትልቅ። ያን የፎገራ ዋልካ መሬት የሚያርሰው እሱ ነው። ግን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ያማረው ወይፈን ተኮላሽቶ ለእርሻ ይቀራል ወይም ለሥጋ ይሸጣል። ላሞቹን የሚያጠቃው ያልተመረጠው ነው። ለብዙ ዓመት እንዲህ ሲሆን ዘሩ ያንሳል።

ገበያ ላይ ሳልታለል እንዴት ልግዛ?

በዓይናችሁ ፊት ትታለብ። ያለዚያ አትግዙ። አንዳንዱ ሻጭ ግቷ እንዲወጠር ብሎ ከቀድሞው ቀን ጀምሮ ሳያልባት ያመጣታል። ስለዚህ የግቷን መወጠር አትመኑ። ቢቻል ቤቱ ሄዳችሁ ማታና ጠዋት ሲያልብ እዩ።

ጥጃውን ልቀቁትና እዩ። የሷ ከሆነ ትልሰዋለች፣ ዝም ብላ ታጠባዋለች። የሌላ ከሆነ ትራገጣለች። አራቱም ጡቶች ወተት ይስጡ፤ አንዱ የደነደነ ወይም የሚሞቅ ከሆነ ላሚቱን ተዉአት። ጥርሷን እዩ። ስንት ጊዜ እንደወለደች ጠይቁ። የሚቻል ከሆነ እናቷን እዩ። የላም ወተት ከሻጭ አፍ ይልቅ ከእናቷ ግት ይታወቃል።

ንፁህ ፎገራ ኮርማ ከየት አገኛለሁ?

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1964 ሲቋቋም ሥራው የፎገራን ከብት ማሻሻል ነበር። ስለ ዝርያው የምናውቀው ብዙው ነገር የመጣው ከዚያው ነው። የወረዳችሁን የእንስሳት ባለሙያ ይዛችሁ ጠይቁ።

ግን ሁሉም ከማዕከል አይመጣም፣ ሊበቃም አይችልም። ጎረቤታችሁን እዩ። ጥሩ ወተት የምትሰጥ ንፁህ ፎገራ ያለው ሰው ወንድ ጥጃ ሲወለድለት እንዳያኮላሸው ለምኑት። ስድስት ሰባት ቤት ሆናችሁ ዋጋውን አዋጡ፣ መኖውን በተራ ቻሉ። የትኛዋን ላም መቼ እንዳጠቃ በልጆች ደብተር ላይ ጻፉ። ላሞችን ማጥቃት ከጀመረ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው የራሱ ሴት ልጆች ጊደር ሆነው መድረስ ስለሚጀምሩ እነሱን እንዳያጠቃ ከሌላ ቀበሌ ኮርማ ጋር ተለዋወጡት።